በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋው ሞገድ

አንድን ነገር ከልክ በላይ መጠበቅ ያበላሸዋል እንዴ? ራሴን ደጋግሜ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። እኔ በሩ ተቆልፏል ወይ ብዬ ሦስቴ የምነሳ ሰው ነኝ። ልጅ ተኝታ ትንፋሿ ካልተሰማኝ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር እሰዳለሁ። ሴት ልጄን ገና በሠላሳ ዓመቷ ቀብሬአለሁ፤ የእሷን ልጅ ያሳደግኋት እንደ እንቁላል ይዤ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ጠበቀ ተብሎ ይከሰሳል?

የልጅ ልጄን ቤተሰቡ ሁሉ ድንቢጥ ይላታል፤ ስትወለድ ከጫማ ሳጥን አትበልጥም ነበር። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመያዝ የቀራት አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። ከላብራቶሪው አጠገብ ግንባታ ተጀምሮ ወለሉ እየተንቀጠቀጠ አላሠራ ቢላት፣ መምህሯ ፈርሞላት ዕቃውን ወደ እኛ ቤት አመጣችው። የኋላ ክፍላችን ከመንገድ የራቀ ነው። አጎቷ፣ ማለት ከእኔ ጋር የሚኖረው ወንዱ ልጄ፣ ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ መስመሩን ዘረጋላት።

ዕቃው ጥቁር ቀለም የተቀባ የጣውላ ሳጥን ነው፤ የሕፃን አልጋ ያህላል። የተቀመጠው ወፍራም የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ሲሆን ሰሌዳው ከሳጥኑ ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ ብሏል። ውስጡ መስታወቶች፣ ሌዘርና የብርሃን ቆጣሪ አለ። ሌት ተቀን አይጠፋም። እሷ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ትምህርት ቤት ስትውል ኮምፒውተሩ ብቻውን ይመዘግባል።

«እማማ» አለችኝ ዕቃው የገባ ቀን፣ ሁለት እጆቼን ይዛ። «እዚህ ክፍል እንዳትገቢ። ለመጥረግም ቢሆን። በሞቴ!»

«ምን ልሠራ እገባለሁ?»

«በሞትሽ አልገባም በይኝ።»

«በሞትሽ አልገባም።»

አፌን በቆረጠው።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት አንዷ ባልደረባችን ካውያዋን ሳትነቅል ወጣች፤ ክፍሉ ነደደ። ሰው አልሞተም፤ ግን እሷ ተመልሳ ልታጠፋ ስትል ሁለቱም እጆቿ ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲያ አለቃችን ደንብ አወጣች። ማንም ተኳሽ ከመውጣቷ በፊት የእያንዳንዱን ካውያ ማሳረፊያ ብረት በመዳፏ ይዛ እስከ ስልሳ ትቆጥራለች። በዓይን አይቶ መሄድ የለም። «ጣውላ ሙቀት ይደብቃል፤ ብረት አይዋሽም» ትል ነበር። ከሥራ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እጄ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም።

ታዲያ የማይጠፋ ኤሌክትሪክ ከመኝታዬ በአንድ ግድግዳ ተለይቶ እያለ እንዴት አርፌ እቀመጣለሁ? ሬዲዮ የሚያወራውን ዜና ሰምቼ ስጨርስ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ በሰባት ሰዓት፣ ማምሻውን በአሥራ አንድ ሰዓት፣ እየተሹለከለክሁ እገባለሁ። ሳጥኑን አልከፍትም። ወጣ ያለውን ብረት በሁለት መዳፌ ይዤ እስከ ስልሳ እቆጥራለሁ። ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጬ እወጣለሁ። በሞትሽ ብዬ የማልኩትን አልረሳሁም፤ ግን መሐላዋን የምታፈርስ አያት ከምትቃጠል ልጅ ትሻላለች ብዬ ራሴን አታለልኩ።

መጀመሪያ ሰሞን ራት ላይ ስለ ሳጥኑ ታስረዳን ነበር።

«ብርሃኑን አደክመዋለሁ፤ አንድ አንድ ቅንጣት ብቻ እስኪገባ ድረስ። ቅንጣቷ መጀመሪያ የምታገኘው መስታወት ግማሹን ያሳልፋል፣ ግማሹን ይመልሳል። ወይ ቀጥ ትላለች፣ ወይ ትታጠፋለች። ሁለቱ መንገዶች ኋላ ይገናኙና ሁለት መውጫ ይኖራቸዋል። እሺ?»

«እሺ።»

«በአንዱ ብቻ ከሄደች፣ ሌላኛው መንገድ ረዘመ አጠረ ምን አገባት?»

«ምንም።»

«አገባት! የአንዱን ርዝመት ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ልክ ስለውጠው መውጫዋን ትቀይራለች። ለዚህ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ሞገድ የሚሠራው። አንዲት ቅንጣት ብቻዋን ሆና የሁለቱንም መንገድ ነገር ታውቃለች።»

«ታዲያ በየትኛው ሄደች?»

«ሰው መቶ ዓመት የተጣላው በዚህ ነው እማማ።»

አጎቷ አፉን ሞልቶ እያኘከ፣ «እኔ የማውቀው ኤሌክትሪክ ባልተሰጠው መንገድ ከሄደ ቤት ይቃጠላል» አለ።

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። ቤት ይቃጠላል የምትለዋ ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

«አንዳንዱ፣ ሳይለካ መልስ የለም ይላል» ብላ ቀጠለች። «መንገዱን ስንጠይቅ ነው መንገድ የሚኖረው። ሌላው፣ ቅንጣቷ የሄደችው በአንዱ ነው፣ የሚመራት ሞገድ ግን በሁለቱም ነው ይላል፤ ጀልባዋ አንድ ቦታ፣ ውኃው ሁለት ቦታ። ደግሞ ዓለም ራሷ ትከፈላለች የሚል አለ። በአንዷ ዓለም ቀጥ ብላለች፣ በሌላዋ ታጥፋለች።»

«ያኔ እኔም ሁለት እሆናለሁ?»

«ከሁለትም በላይ።»

«ወይ ጉዴ!» አለ አጎቷ። «አንዷ እናቴ አልበቃ ብላኝ!»

ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ፣ በሌላዋ ዓለም የዚች ልጅ እናት ከሐኪም ቤት ድና ወጥታ ይሆን እያልኩ ነበር። አልተናገርኩትም።

«መምህርሽስ የቱን ይዟል?»

«እሱማ፣ ሒሳቡ በትክክል ይሠራል፣ የቀረው ወሬ ነው ይላል። ከእኔ የሚፈልገው ሞገዱን አሳይቼ እንድመረቅ ብቻ ነው።»

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ፊቷ ጠቆረ። ሞገዱ እየጠፋባት ነው። ሁልጊዜ አይደለም፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል። የቅንጣቶቹ ቁጥር አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ከፍና ዝቅ ማለቱ ብቻ ይቀርና ልሙጥ ይሆናል።

«እማማ፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ገብቶ ያውቃል?»

«ማን ይገባል?» አልኳት።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ የእኔ እጅና የእሷ ሞገድ ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም። ብረት መንካት ምን አለበት? የፈራሁት መሐላዬን ነው። በእሷ ሞት ምዬ መግባቴን ከምትሰማ ብዬ ዋሸሁ። እሷም አመነችኝ። ከዚያ መከራዋን አየች። አጎቷን አስቸግራ የኤሌክትሪኩን ኃይል አስለካች፣ የግቢውን ውኃ አስዘጋች፣ መንገድ ላይ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ቆጠረች። ሁሉንም መረመረች፤ የኔን ቃል ግን አልመረመረችም።

ከሲታ ሆነች። ሳህኗ እንደ ቀረበ ይነሳል። እኔም ልጄ ታመመች ብዬ እየተጨነቅሁ፣ የበለጠ እሳት እየፈራሁ፣ ብረቱን አጥብቄ መያዝ ቀጠልኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወረቀት ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ዓይኗ ያበራል። እንዲያ ስትሆን ካየኋት ዓመት አልፎኝ ነበር።

«ተቀመጡ፣ ሁለታችሁም። አንድ ሐሳብ አለ፤ ቅንጣቶች ማንም ሳይነካቸው፣ ማንም ሳይለካቸው፣ በራሳቸው ጊዜ አንዱን መንገድ ይይዛሉ የሚል። እስካሁን እንዲህ ሲሆን ያየ ሰው የለም። እኔ ግን...» ወረቀቱን ዘረጋችው። «እዩ። ሞገዱ የሚጠፋው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ። አሥራ አንድ ላይ። አርባ ቀን ሙሉ!»

እጄ ላይ የነበረውን ማንኪያ አስቀመጥኩት።

«ሁለት ቀን ብቻ አልጠፋም» አለች፤ «ያለፈው ወር መጨረሻ ላይ፣ ቅዳሜና እሑድ። እሱን ማስረዳት አልቻልኩም።»

እኔ ግን እችላለሁ። ያን ቅዳሜና እሑድ እህቴ ወድቃ ወገቧን ታማ፣ እሷን ሳስታምም እዚያው አድሬያለሁ።

እንደ ምንም ብዬ፣ «ልጄ፣ ሰው ቢያየው ነው የሚጠፋው? ዓይን ነው?» አልኳት።

«አይ እማማ፤ እሱ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነው። የሰው ዓይን ከምንም አይቆጠርም። ማየት የምንለው መንካት ማለት ነው። አንድ አቧራ እንኳ ቅንጣቷ በየት እንዳለፈች ምልክት ከያዘ፣ ማንም ባያነበውም ሞገዱ ይጠፋል።»

«ሙቀትስ?»

«ሙቀትማ ሌላ ጣጣ ነው። ብረቱ ትንሽ ከሞቀ ይለጠጣል፣ መንገዱ ይረዝማል፣ ሁሉም ነገር ይደባለቃል። ለዚህ እኮ ነው ማንም አይግባ ያልኩት።» ጉንጬን ሳመችኝ። «ጎበዝ ሆነሻል! ፊዚክስ ልታስተምሪን ነው።»

አጎቷ ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ «መምህሩ ምን አለ?» አላት።

«ተፈጥሮ የግድግዳ ሰዓት የላትም፤ ሰዓት የሚያከብር ነገር የሰው ሥራ ነው አለ።» ከንፈሯን ነከሰች። «እኔም ጻፍኩለት፤ ቤቱ ውስጥ ቀን የሚውል አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም ክፍሉን ረግጣው አታውቅም ብዬ። ገጽ ዘጠኝ ላይ አለሽ እማማ። ምስክሬ አንቺ ነሽ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ደስታዋን በገዛ አፌ ልግደለው?

ሰኞና ማክሰኞ እጄ እንደ ልማዱ አደረገው። ወደ ክፍሉ ስሄድ ራሴን አላውቅም፤ ዜናው ሲያልቅ እግሬ ይነሳል። ረቡዕ ግን ሬዲዮውን ራሱን አልከፈትኩም። ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። እኔ ከተውኩ ነገሩ በራሱ ያልቃል፣ ማንም ሳይጎዳ ይረሳል ብዬ ነው። የሞኝ ሐሳብ!

ማምሻውን ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ ኋላ ክፍል ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ዛሬ አልጠፋም።»

«ጥሩ ነዋ ልጄ።»

«ምኑ ነው ጥሩ? ሰኞ ፈታኞቹ ፊት እቀርባለሁ! መምህሬን ተሟግቼው፣ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ!» ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን በጉልበቷ መሃል ቀብራ አለቀሰች። «እብድ ነኝ እማማ። ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ።»

ትከሻዋን አቀፍኳት። አጥንቷ ይቆጠራል። የሞተች እናቷን ያቀፍኩ መሰለኝ፤ እሷም መጨረሻዋ ላይ እንዲህ ቀልላ ነበር።

ሐሙስ ያደረግሁትን እንደ ልማድ አላወራውም። ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓቴን እያየሁ ገባሁ። እሳት ፈርቼ አልነበረም። ሁለት መዳፌን ብረቱ ላይ አሳርፌ ስልሳ ቆጠርኩ፣ ጨመርኩ፣ መቶ ሃያ አደረስኩት። ሰባት ላይም። አሥራ አንድ ላይም።

ማምሻውን ከክፍሉ እየዘፈነች ወጣች። ራት ሁለቴ አስጨመረች። «ተመለሰ! ሦስቱንም ጊዜ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ረዝሞ!» አጎቷን ክንዱን ይዛ አሽከረከረችው። እሱም «ተይኝ አንቺ፣ ወጡ ይደፋል!» እያለ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁት ሳቅ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ይመረኛል።

ዓርብ መምህሯ ተሸነፈ። «ከሆነማ አቅርቢው፤ ግን ስምሽ ነው። ከተሳሳትሽ ከእንግዲህ ምን ብትለኪ ማንም አያምንሽም» ብሎ ፈረመላት። ይህን የነገረችን እንደ ቀልድ ነው። እኔ ግን ቅዳሜን በዝምታ፣ እሑድን በዝምታ ዋልኩ። ከተናገርኩ የሸሻት ሐዘን ይመለሳል። ዝም ካልኩ፣ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ወይም ነገ ሌላ አገር ያለ ሰው ሳጥኑን ሠርቶ ይሞክረውና ምንም አይጠፋም። ያኔ ድንቢጥ ውሸታም ትባላለች። እኔ ሞቼም ቢሆን ትባላለች። የዋሸሁት እኔ፣ ስሙ የእሷ።

ሰኞ ጠዋት ራሴ የተኮስኩላትን ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ወረቀቶቿን ቦርሳ ውስጥ እያስገባች ነበር። አጎቷ ሊሸኛት ጫማውን ያስራል።

«ድንቢጥ፣ እዚያ ክፍል እኔ እገባለሁ።»

«የት ክፍል?»

«የሳጥኑ። በቀን ሦስቴ። ብረቱን በእጄ እይዘዋለሁ።»

ሳቀች። «እማማ፣ አርፍጃለሁ፣ አሁን አታስቂኝ።»

«አልቀለድኩም። እሳት ይነሳል ብዬ ነው። ከዜና በኋላ...»

«እንዳልሄድ ነው አይደል?» ድምጿ ጠነከረ። «ፈታኞቹ ያዋርዱኛል ብለሽ ፈርተሻል። ሁልጊዜ እንደምታደርጊው!»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ልጅቷን አታሸብሪያት እንጂ» አለ አጎቷ።

«ነይ» አልኳትና ቀድሜያት ገባሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሞገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እንደ ዚግዛግ ስፌት ያምራል። እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። እጆቼን ብረቱ ላይ አሳረፍኩና ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። እሷ በሩ ላይ ቆማለች። ሃያ ላይ ሞገዱ ተንገዳገደ። አርባ ላይ ጫፎቹ መውረድ ጀመሩ። ስልሳ ላይም አላቆምኩም። አጎቷ፣ «በቃ እማዬ፣ በቃሽ» እያለኝ መቶ ስደርስ መስመሩ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ ሆነ።

እጄን አነሳሁ።

«ያ ቅዳሜና እሑድ?» አለች ዝግ ብላ።

«እህቴ ጋ ነበርኩ።»

«ረቡዕስ?»

«አልገባሁም።»

የሚቀጥለውን ጥያቄ እንዳትጠይቀኝ ፈጣሪን ለመንኩ። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም።

«ሐሙስ?»

«ገባሁ።»

«ካለቀስኩ በኋላ።»

«ካለቀስሽ በኋላ።»

«ረስተሽ ነው? እጅሽ እንደ ልማዱ...?»

አዎ ብላት ኖሮ ታምነኝ ነበር። ልታምነኝ ፈልጋለች፤ ከድምጿ ያስታውቃል። አንዲት አዎ ብቻ ነበር የምትፈልገው። እኔ ግን በዚህ ቤት ውሸት በቃኝ።

«አውቄ ነው ያደረግሁት» አልኳት። «ፊትሽን ማየት አቅቶኝ።»

አጎቷ ጣልቃ ገባ። «ለአንቺ ብላ እኮ ነው፤ አያትሽ አይደለች? ሽማግሌ ሰው...»

ወደ ሳሎን ተመለሰች፤ ተከተልኳት። ከቦርሳዋ ወረቀቶቹን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እስክሪብቶ አነሳች። የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ ረጅም መስመር ሰረዘችው። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ገጽ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ የኔን ነገር የጻፈችበት ነው። እሱን ከሁሉም አጥብቃ ሰረዘችው፤ ወረቀቱ ተቀደደ።

«እኔም ልምጣ» አልኳት። «ፈታኞቹ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ አታውቅም እላቸዋለሁ። ቆይ፣ ነጠላ ጫማዬን ላውልቅ...»

አሥራ ሁለቱን ገጽ ሰርዛ ጨረሰች። አንድም ሳታስቀር ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች፤ ይዛቸው ልትቀርብ ነው። ከአንገቷ ሥር የተከፈተውን የሸሚዝ ቁልፍ ቆለፈች። ለመሳም ጉንጬን ወደ እሷ ዘንበል አድርጌ ነበር፤ ሁልጊዜ ስትወጣ ትስመኛለች። በአጠገቤ አለፈች። አጎቷ ሊከተላት ሲነሳ በእጇ ቆይ አለችው። በሩን ከፈተች፣ ወጣች፣ ሳታላጋ መልሳ ዘጋችው።